በመዝገቤ ላይ ሐሙስ ሐሙስ የወደቁ ልጆች

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ርእሰ መምህሩ ጋሽ ኤልያስ ሁለት ቁልፍና አንድ ትልቅ መዝገብ ሰጡኝ። አንዱ ቁልፍ የክሊኒኩ በር፣ ሌላው የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ነው። መዝገቡን ያቀበሉኝ በሁለት እጃቸው ነበር። "ሲስተር ታደለች፣ ከመድኃኒቱ ይበልጥ ይሄን ይጠብቁልኝ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው" አሉኝ።

ክሊኒክ የምንለው ለክብሩ ነው እንጂ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጀርባ ያለች፣ ድሮ የመዘምራን ልብስ ይቀመጥባት የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ጎዝና አዮዲን ነበረኝ። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚደርቅ አልጋው ሥር ሁለት ጀሪካን ውሃ አስቀምጥ ነበር። ከዚያ በፊት በመንግሥት ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ከገርጂ ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ፣ በገዛ ቤተ እምነቴ ሰዎች በሚተዳደር ትምህርት ቤት ውስጥ ነርስ ልሆን ነው ስል ጓደኞቼ ሁሉ ማረፊያ አገኘሽ አሉኝ። እኔም አምኛቸው ነበር።

የክሊኒኩ ደንብ አጭር ነው። ልጅ ብቻውን አይመጣም። አስተማሪ መላኪያ ወረቀት ይዞ ያመጣዋል፣ ምን እንደሆነ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። መዝገቡ ላይ ያሉት ዓምዶች ቀን፣ ስም፣ ክፍል፣ ምክንያት፣ የተሰጠ ሕክምናና ፊርማ ናቸው። ጋሽ ኤልያስ ደንቡን ያወጡት ልጆች ከክፍል ለማምለጥ ክሊኒኩን መናኸሪያ እንዳያደርጉት ነው። ለኔም የተስተካከለ አሠራር መሰለኝ።

የመጀመሪያው በሽተኛዬ የኬጂ ልጅ ነበር። ያመጣችው አስተማሪ ጉንፋን ነው አለችኝ፣ እኔም ምክንያት በሚለው ሥር "ጉንፋን" ብዬ ጻፍኩ። ልጁ አፍንጫውን እየጠቆመ "ሽምብራ፣ ሽምብራ" ይላል። ምሳ ዕቃው ውስጥ ያለውን መክሰስ የሚለምን መስሎኝ ዝም አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ሲያስነጥስ አንድ የተቆላ ሽምብራ ከአፍንጫው ወጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። ከአስተማሪዋ ጋር እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። መዝገቡ ላይ ግን ጉንፋን እንዳለ ቀረ። መዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ አልወድም።

የትምህርት ቤት ነርስ ሥራ ግማሹ ቁስል ማጠብ ነው፣ ግማሹ ደግሞ መጠርጠር። ሰኞ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ የሚመጣ የሆድ ሕመም ነበር፤ የሒሳብ ቁርጠት ብዬ ስም አወጣሁለት። መድኃኒቱ ስኳር ያለው ሙቅ ውሃና አሥር ደቂቃ ጋደም ማለት ነው። እውነተኛውን ሕመም ግን ከበር ጀምሮ ታውቀዋለህ፤ በእውነት የታመመ ልጅ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን የጥርስ ሥዕል አያይም። እንዲህ ባለው ነገር እኮራ ነበር። ዓይኔ አይሳሳትም እል ነበር።

በሦስተኛው ዓመቴ የሕፃናት ጥበቃ መመሪያ የሚባል ወረቀት መጣ። ለአንዳንድ ልጆቻችን ድጋፍ የሚሰጡ አጋሮች መመሪያ ከሌላችሁ አብረን አንሠራም ስላሉ ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ተሰበሰብን። ሻይና ሳምቡሳ ቀረበ። መመሪያው ሲነበብ አንዱ አንቀጽ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፤ ልጅ ላይ ጉዳት ደርሷል ብሎ የጠረጠረ ማንኛውም ሠራተኛ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ያስታውቃል፣ የኃላፊ ፈቃድ አያስፈልገውም ይላል። አንድ አስተማሪ እጁን አውጥቶ ማስረጃ ከሌለስ ብሎ ጠየቀ። ልታሠለጥነን የመጣችው ሴት ጥርጣሬ በቂ ነው፣ ማጣራት የናንተ ሥራ አይደለም አለችው። ጋሽ ኤልያስ ሲዘጉ ይሄ ለዶሴ ያህል ነው፣ እኛ ዘንድ እግዚአብሔር ይመስገን እንዲህ ያለ ነገር የለም አሉ። አሜን ብለን ፈረምን። አብሮ የታደለንን የማስታወቂያ ቅጽ መሳቢያዬ ውስጥ ከፋሻው ሥር አስገባሁት።

ወንድም እዮብ የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪያችን ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች በየተራ አዳራሽ እየወሰደ ጥቅስ በቃል ያስጠናቸዋል። ድምፁ ያማረ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው ነው። የጋሽ ኤልያስ እናት ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ከሥራ መልስ እየሄደ ያስታመመ እሱ ነው። የክሊኒኬን መደርደሪያም የሠራልኝ እሱ ነው። ይህን የምጽፈው ክፋት ከሩቅ የሚለይ የሚመስለው አንባቢ እንዳለ ስለማውቅ ነው። እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

ሊዲያ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበረች። እናቷ ወይንሸት ከወላይታ የመጣች፣ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ በሰፊነት የምትሠራ፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ሊዲያ የምትማረው ቤተ ክርስቲያኑ ለአባላቱ ልጆች በሚሰጠው ነፃ ቦታ ነው። ጎበዝ ተማሪ ነች፣ ስትናገር ግን ምላሷ ይያዛል። አንድ ቃል ላይ ከቆመች ቶሎ አትለቅም።

መጀመሪያ ስትመጣ ጉልበቷ ተልጦ ነበር። ይዟት የመጣው ራሱ ወንድም እዮብ ነው፤ ከአዳራሹ ደረጃ ላይ ወድቃ ነው አለኝ። አጠብኩላት፣ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። በሌላ ሐሙስ ክንዷ በልዞ መጣች፤ አሁንም ወድቃ ነው ተባልኩ። እንግዲህ ይቺ ልጅ መነጽር ያስፈልጋት ይሆን ብዬ የዓይን ምርመራ ሁሉ አደረግኩላት። ዓይኗ ከኔ ዓይን በብዙ ይሻላል።

በሦስተኛው ሐሙስ ካልሲዋን ዝቅ ሳደርግ ባቷ ላይ ጎን ለጎን የተጋደሙ አራት ሰንበሮች አየሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ቁስል ያየሁ ሴት ነኝ። ደረጃ እንዲህ አድርጎ አይመታም። ወንድም እዮብ አጠገቤ ቆሟል። "ይቺ ልጅ መቼም መውደቅ አያልቅባትም" አለ በርኅራኄ። ሊዲያን አየኋት፤ የጥርሱን ሥዕል ታያለች። ብዕሬን አንስቼ ምክንያት በሚለው ሥር "ወድቃ" ብዬ ጻፍኩ። እያወቅኩ ነው የጻፍኩት። ያፈርኩበትን ያህል ዛሬም አፍርበታለሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት ጋሽ ኤልያስ ቢሮ ሄጄ ያየሁትን ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ የዋዛ ሰው አይደሉም። ወንድም እዮብን አስጠርተው ሲጠይቁት አልካደም። ጥቅስ ሲያጠኑ ለተሳተ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ጊዜ በጎማ እንደሚመታ፣ እሱም ያደገው እንዲሁ እንደሆነ ተናግሮ አለቀሰ። ጋሽ ኤልያስ ወደኔ ዞረው ነገሩ ቤታችን ውስጥ ያለቀ እንደሆነ ይሻላል፣ ሽማግሌዎች እጠራለሁ አሉ። መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ቅጽ ትዝ ብሎኛል። አለቃዬ ካወቁ አስታውቄያለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ተቀመጥን። ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ጋሽ ኤልያስ፣ ወንድም እዮብ፣ ሊዲያና ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቃ የመጣችው እናቷ፣ እኔም አለሁ። ትልቁ ሽማግሌ ጸለዩ። ወንድም እዮብ ተንበርክኮ እናትየዋን ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ሽማግሌው ሊዲያን ወደ መሃል ጠሩና "ልጄ፣ አንቺም ይቅር በይው" አሏት። ልጅቱ "ይ... ይ..." ስትል ሁላችንም ጠበቅን። "ይቅር ብያለሁ" አለች መጨረሻ ላይ። እጁን ጨበጠች። አሜን አልን።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድም እዮብ ጎማውን ጣለ ተባለ፣ ሥራውም ላይ ቆየ። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት መገናኛ ወርጄ ለራሴ ጫማ ገዛሁ። ሸክም የወረደለት ሰው እንደሚያደርገው ነው ያደረግኩት። መዝገቡን አልከፈትኩም፣ ሊዲያንም እንዴት ነሽ ብዬ አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ ሊዲያ ክሊኒክ መምጣት አቆመች። ነገሩ ተቃና አልኩ። ለካስ እሷን ያመጣ የነበረው እሱ ራሱ ነው፤ ካላመጣት ደግሞ ደንባችን በሩን ይዘጋባታል።

አንድ ወር ገደማ ቆይቶ፣ አርብ ቀን በዕረፍት ሰዓት፣ በሬ ተንኳኳ። ሊዲያ ናት፣ ብቻዋን። ከልማድ የተነሳ ወረቀትሽስ አልኳት። ወረቀት የለኝም አለች። ቲቸርሽ ይምጣ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን ሳየው ተውኩትና አልጋው ላይ አስቀመጥኳት። እጆቿን ብብቷ ሥር ደብቃለች።

"ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ" አለች። መሃል ላይ ሦስት ጊዜ ቆማለች፣ እኔ አንድ ላይ አድርጌ እጽፈዋለሁ። "ይቅር ካልኩ በኋላ የመታኝስ? እሱንም ይቅር ብያለሁ ማለት ነው?"

አይደለም አልኳት፣ አይደለም፣ ይህን በመጠየቅሽ ጥሩ አደረግሽ። እጆቿን አወጣች። አሁን የሚመታት መዳፏን ነው፣ በማስመሪያ ጠርዝ። በካልሲ የሚሸፈን ነገር ሲስተር ታያለች ብሎ መሆን አለበት ወደ መዳፍ የተዛወረው፤ መዳፍ ጨብጦ መደበቅ ይቻላልና። ቀዝቃዛ ውሃ አደረግኩላት፣ ጓንቴን አውልቄ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ሌላ ልጅም ይመታ እንደሆነ ጠየቅኳት። ስም መጥራት ጀመረች፣ እኔም እስክትጨርስ ጠበቅኩ።

ወደ ክፍል አልመለስኳትም፤ አልጋው ላይ እንድትተኛ አድርጌ መዝገቡን ከፈትኩና የዚያን ዓመት ገጾች በሙሉ አገላበጥኩ። ወድቆ፣ ወድቃ፣ ወድቆ ይላል። ልጅ ይወድቃል፣ ያለ ነው። ቀኖቹን ሳይ ግን አብዛኛው ሐሙስ ነው፣ ሁሉም ከሰዓት በኋላ። ስድስት ልጆች ቆጠርኩ፤ ሊዲያ ከጠራቻቸው ስሞች አራቱ እዚያ ውስጥ አሉ። ጽሕፈቱ የኔ ነው፣ ያማረ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት። ከዚያች ቀን በፊት አንድም ጊዜ ወደኋላ ገልጬ አንብቤው አላውቅም ነበር። ተቆጣጣሪዎቹም በየዓመቱ ገጹን እየቆጠሩ ጥሩ አያያዝ ነው ብለውኝ ሄደዋል።

ቅጹን ከፋሻው ሥር አውጥቼ ሞላሁት። መጀመሪያ ጋሽ ኤልያስ ዘንድ የገባሁት ፈቃድ ለመጠየቅ ሳይሆን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው። ቅጹን አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሲስተር፣ አንድ ቀን ይስጡኝ" አሉ። "ሽማግሌዎቹን እንደገና ልጥራቸው። ይሄ ነገር ውጭ ከወጣ ቤተ ክርስቲያኑንም ትምህርት ቤቱንም ነው የሚያፈርሰው።"

"ጋሽ ኤልያስ፣ ያን አንድ ቀን ባለፈው ሰጥቼዎታለሁ" አልኳቸው። "ልጅቷ ናት የከፈለችው።"

ቅጹን አጥፈው መለሱልኝ። ከዚያ እርስዎ የቤታችን ሰው ነዎት ብዬ ነበር አሉኝ። ይሄ ቃል አመመኝ። ሊዲያም የቤታችን ልጅ ናት ብዬ ወጣሁ። መዝገቡን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ከመሄዴ በፊት የቤተ መጻሕፍታችንን ሠራተኛ ጠርቼ ልጅቷ አጠገብ እንድትቀመጥና ማንም እንዳይወስዳት አስጠነቀቅኳት።

ፖሊስ ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል የሚሉት አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና የሕፃን አሻንጉሊት ያለበት ክፍል ነው። አንዲት ወጣት ሳጅን ተቀበለችኝ። ቅጹን ከተቀበለች በኋላ መዝገቡን ጠየቀችኝ። ሐሙሶቹን አንድ በአንድ አሳየኋት። ጣቷን ሦስተኛዋ የሊዲያ ሐሙስ ላይ አሳረፈች።

"እዚህ 'ወድቃ' ይላል። የማን ጽሕፈት ነው?"

"የኔ።"

"እውነት ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ለምን ጻፉ?"

"የነገረኝ ትልቅ ሰው ስለነበረ" አልኳት። "ልጅቷን አልጠየቅኳትም።"

ይህንኑ እንዳለ ጻፈችና እንድፈርም ሰጠችኝ። አንብቤ ፈረምኩ። ሊዲያን ለማነጋገር ከአንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ጋር በሲቪል ልብስ ወደ ትምህርት ቤቱ እንደሚሄዱ ነገረችኝ። መዝገቡ ላይ አንድ ፊደል እንዳልነካ፣ ለማረምም ቢሆን እንዳልሞክር አስጠነቀቀችኝ።

እናትየዋ ዘንድ ፖሊስ ሳይደውልላት ልድረስ ብዬ በታክሲ ቦሌ ለሚ ሄድኩ። ፈረቃ ሲለቀቅ በሩ ላይ ሴቶች እንደ ጎርፍ ነው የሚወጡት፤ ወይንሸትን ያገኘኋት በቢጫ ሻርፗ ነው። ስነግራት መጀመሪያ የተቆጣችው እኔን ነው። ሳታማክሪኝ እንዴት አለች። ነፃ ቦታዋን ቢነጥቋት የት ላስገባት ነው፣ ከእሁድ ጀምሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማንን ፊት አያለሁ አለች። ትክክል ነበረች፣ አልተከራከርኳትም። የልጇን መዳፍ ስነግራት ግን አጥሩን ተደግፋ ቁጭ አለች።

"ይቅር ስትል ከጎኗ ቆሜ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ" አለች።

"እኔም ብያለሁ" አልኳት።

አብረን ታክሲ ይዘን ተመለስን።

የቀረው ረጅም ነው፣ አሳጥረዋለሁ። ወንድም እዮብ ከሥራ ተነሣ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፣ እኔም ምስክር ሆኜ መዝገቤን ይዤ ቆምኩ። ተከላካይ ጠበቃው ያን ጊዜ ወድቃ ብለው ጽፈው ዛሬ ተመትታ ይላሉ፣ የትኛውን እንመን ብሎ ጠየቀኝ። ቢጠይቀኝ እውነት አለው። የመጀመሪያውን የጻፍኩት ሳልጠይቅ ነው፣ ሁለተኛውን ጠይቄ ነው አልኩት። የልጆቹ ወላጆችም አንድ በአንድ መጥተው ተናገሩ፣ ወንድም እዮብም ተፈረደበት። አዳራሽ ውስጥ ሰላም የማይሉኝ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ዛሬም አይሉኝም። ከትልቁ ሽማግሌ ጋር ሁለት ፋሲካ ሳንነጋገር አለፍን።

የሊዲያን ቦታ ማንም አልነጠቃትም። ይህን ያደረጉት ጋሽ ኤልያስ ናቸው፤ በቦርዱ ስብሰባ ላይ ልጅቷ ከተነካች እኔም እለቃለሁ ብለው መናገራቸውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ለኔ አንድም ቀን አልነገሩኝም። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ አዲስ መዝገብ ሊሰጡኝ ሲመጡ ሁለት ነገር ጠየቅኳቸው። ልጅ ያለ ወረቀት፣ ያለ አስተማሪ ይግባልኝ አልኩ። ምክንያት ከሚለው ቀጥሎ "ልጁ የተናገረው" የሚል ዓምድ ይጨመርልኝ አልኩ። የሒሳብ ቁርጠት ይበዛብዎታል አሉኝ። ይብዛ አልኩ። ማስመሪያ አንስተው ዓምዱን ራሳቸው አሰመሩት።

በዝቶብኝም ነበር። ግማሹ ክፍል ሰኞ ሰኞ አልጋዬ ላይ ይሰለፍ ነበር፤ ስኳር ፈጀሁ። ከመቶው ቁርጠት መሃል ግን ሁለት ጊዜ የሚያስጠረጥር ነገር ሰምቻለሁ። ሁለቱንም በዚያው ቀን አስታወቅኩ። አንዱ ስህተት ሆኖ ተገኘ፣ አባትየውንም ይቅርታ ጠየቅኩት። ሌላው ስህተት አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ ቦታዬን የተረከበችው ሲስተር ቤዛ የምትባል ወጣት ናት። መዝገቡን አገላብጣ "ልጁ የተናገረው" የሚለውን ዓምድ እየጠቆመች "ሲስተር፣ ይሄ ኮለም ዱፕሊኬት አይሆንም? ሪዝን የሚል አለ እኮ" አለችኝ። የድሮውን መዝገብ ከቁም ሣጥን አውጥቼ ሐሙሶቹን አሳየኋት። ፍርድ ቤት ሲመልስልኝም አላረምኩትም፤ ወድቃ የሚለው ዛሬም ወድቃ ይላል። ቤዛ አንብባ ስትጨርስ ቁልፎቹን ተቀበለችኝ። መዝገቡን በሁለት እጄ ሰጠኋት።

ሊዲያን በቅርቡ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ዘጠነኛ ክፍል ደርሳለች፣ ቁመቷ በልጦኛል። ስትናገር አሁንም ምላሷ ይያዛል። ታክሲው መጥቶ ረዳቱ ግቡ እያለ ሲጮህ እሷ አንድ ቃል ላይ ቆማ ነበር። ሰው አሳለፍኩና ጠበቅኳት።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ብቻ ነው። ልጁን ራሱን ጠይቁት። እስኪጨርስ ጠብቁት። ያለውን በራሱ ቃል ጻፉ። ከጠረጠራችሁ በዚያው ቀን አስታውቁ፣ ለአለቃችሁ መንገር ማስታወቅ አይደለም። ይቅር ማለት የልጁ ጉዳይ ነው፣ እሱንም ማንም አያዘውም።